ኮሌጁ ቢዘጋስ? ከሬጅስትራር ወንበር

እዚህ ሐዋሳ የምሠራበት የግል ኮሌጅ ለከርሞ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ባለቤቱም አያውቁም። ሬጅስትራሩን፣ ማለትም የተማሪ ምዝገባና መዝገቡን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ወላጅ የሚጠይቀው እኔን ነው፦ «ላስመዝግባት ወይስ ይቅርብኝ?»

ነገሩ ባንዴ አልመጣም። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰው «የወደቀው ሁሉ ወደ እናንተ ይጎርፋል» ይለን ነበር። እንዴት ተደርጎ! ዲግሪ ለመጀመር የግልም ቢሆን የማለፊያ ነጥብ ወይም ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይጠይቃል። ለደረጃ (ለሙያ) ስልጠና ደግሞ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ በክፍያ አንወዳደረውም። በዚያው ዓመት የዲግሪ ተመራቂ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና መጣ። ከ50 በታች ያመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። የወደቁት ሰፈራቸው ገብተው ስለ እኛ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም። ኪራይ ግን ተማሪ ቀነሰ ተብሎ አይቀንስም።

ኮሌጁን ማዳን የኔ አቅም አይደለም። ወረቀቱን ግን እችላለሁ።

የጀመርኩት ትምህርታቸውን ጨርሰው ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ካልወሰዱት ነው። አብዛኞቹ የጥቂት ወራት ክፍያ ስላለባቸው ማስረጃቸው ተይዟል። ለባለቤቱ «ጋሼ፣ ከተዘጋን በኋላ ይህን ዕዳ ማን ይሰበስባል? ግማሹን ተቀብለን እንልቀቅላቸው» አልኳቸው። ተቆጡ። ሰንብተው እሺ አሉ። በገባው ብር በሰዓት የሚያስተምሩት መምህራን ውዝፍ ተከፈለ። ይሄ ዋናው ነገር ነበር፤ ደሞዝ ያልደረሰው መምህር ግሬድ ይዞ ነው ቁጭ የሚለው። ግሬዱ ሲገባ ሌሎች ልጆች ትራንስክሪፕታቸው ሞላ።

ቀጥሎ የድሮ ተመራቂዎች። መሥሪያ ቤቶች ማስረጃ ይጣራልን ብለው የሚጽፉት ለእኛ ነው። ቀድሞ ፈቃድ የሚሰጠን የደቡብ ክልል ቢሮ እዚሁ ከተማችን ነበር። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፤ በ2015 መጨረሻ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ ቢሮዎቹ በየከተማው ተበተኑ። የወላይታ ወይም የሀዲያ ልጅ እኛን ካጣ የትኛውን በር ያንኳኳል? ስለዚህ መዝገቡን በምረቃ ዓመት ለይቼ ስካን አደረግኩ። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንድ ለዲኑ ሰጠሁ። ሌላውን ፈቃድ ለሚሰጠን ቢሮ በደብዳቤ አስገብቼ የተቀባይ ማህተም አስመታሁበት። ማህተሙ ከሌለ ነገ «አልደረሰንም» ቢሉ ምን ይዤ እከራከራለሁ?

ለወላጆቹ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ። ፈቃዱ ለዚህ ካምፓስና ለዚህ ትምህርት ክፍል የተሰጠ መሆኑን እዩ፤ ማስታወቂያ ላይ ያለውን አትመኑ። የዓመት ክፍያ ባንዴ አትክፈሉ፣ ቅናሽ ቢባልም። በየሴሚስተሩ ማህተም ያለው ግሬድ ሪፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤቱ ይህን ስል ሰምተውኛል፤ ደስ አላላቸውም።

አሁን የምንከራከረው በአዲስ ምዝገባ ላይ ነው። እሳቸው በሁሉም ክፍል ይከፈት ይላሉ፤ የምዝገባው ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። እኔ የገቡትን ሳናስጨርስ አዲስ አንቀበል እላለሁ። አልተስማማንም። የማታው አካውንቲንግ ተማሪዎች ሁለት ሞጁል ቀርቷቸዋል። መምህር አግኝቼላቸዋለሁ፣ ኪራዩም እስከ ጥር ተከፍሏል፤ ከዚያ በፊት ይጨርሳሉ።