አራት ልጆች በአንድ የስልክ መስመር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የበላኝ አንድ ኤረር ነው። ከጀርባ ሥራዎችን የሚያስኬደው ሴለሪ የተባለው የፓይተን መሣሪያ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይወድቃል። ሁልጊዜ ቢወድቅ እኮ በስንት ጣዕሙ! ኤረሩ ደግሞ የሚያወራው ስለ ኤስኤስኤል (በኔትወርክ የሚሄደውን መልእክት ስለሚያመሰጥረው ዘዴ) ነው። እኔም አምኜው ሰርተፍኬት ስፈትሽ ግማሽ ቀን አለፈ።

በኋላ ተስፋ ቆርጬ ወርከሩን (ሥራዎቹን የሚሠራውን የሴለሪ ክፍል) በ1 ፕሮሰስ ብቻ አስነሳሁት። ጸጥ አለ። ወደ 4 መለስኩት። ወዲያው ሎጉ በቀይ ተሞላ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሴለሪ ሲነሳ ዋናው ፕሮሰስ በፎርክ (ራሱን በማባዛት) ልጅ ፕሮሰሶች ይወልዳል። ልጆቹ የወላጃቸውን ሜሞሪ ብቻ ሳይሆን የተከፈቱ ሶኬቶችንም (የኔትወርክ መገናኛዎችን) ይወርሳሉ። ኮዳችን ደግሞ ገና ኢምፖርት ሲደረግ፣ ልጆቹ ሳይወለዱ፣ ከዳታቤዛችን ከፖስትግረስ ጋር ኮኔክሽን ይከፍታል (ማን ጻፈው እንዳትሉኝ)። ስለዚህ አራቱም ልጆች በአንድ የስልክ መስመር ይሻማሉ። አንዱ ለጠየቀው፣ መልሱን ሌላው ያነሳል። ኤስኤስኤል ደግሞ ቅደም ተከተል ከተዛባበት አይምርም፤ መልእክቱን መፍታት አልቻልኩም ብሎ መስመሩን ይዘጋል።

መፍትሔው ጥቂት መስመር ኮድ ሆኖ አረፈው። እያንዳንዱ ልጅ ከተወለደ በኋላ የራሱን ኮኔክሽን ይክፈት፣ አለቀ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሲግናል (ልጁ ሲነሳ የኛን ኮድ የሚጠራ) ሴለሪ ውስጥ አለ።

ላፕቶፔ ላይ ለምን አልታየኝም? እዚያ ሁሌም የማስነሳው በ1 ፕሮሰስ ነበራ!

ደስ ብሎኝ ልዘጋ ስል ሌላ ታስክ ወደቀ። ውስጡ መልቲፕሮሰሲንግ ፑል ይከፍታል፤ ማለትም የራሱን ልጅ ፕሮሰሶች ይወልዳል። የሴለሪ ልጆች ደግሞ ዴሞን የሚባሉ፣ ከወላጃቸው ጋር አብረው የሚዘጉ ፕሮሰሶች ናቸው። ፓይተን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዴሞን ፕሮሰስ ልጅ መውለድ አይፈቀድለትም።» ላፕቶፑን ዘጋሁት።