የከተማ ሞዴል በኤክሴል፦ ትራንስፖርት ሲረክስ የመሃል ኪራይ ለምን ይወርዳል?

የአንድ ማዕከል ከተማ ሞዴላችን አሁን ይሠራል። ቀመሩ ከባድ አልነበረም፤ ያስቸገረው የትኛው ቁጥር ተቆልፎ የትኛው እንደሚለቀቅ መወሰኑ ነው። ለምትሞክሩት እንዲጠቅም የደረስንበትን ከነስህተቱ አስቀምጠነዋል።

መነሻው ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቮን ቱነን በ1826 እ.ኤ.አ. ስለ እርሻ መሬት ያወጣው ሐሳብ ነው፤ የከተማ አጥኚው ዊሊያም አሎንሶ በ1964 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማ አመጣው። ሁሉም መሃል ከተማ ይሠራል፤ ርቆ የሚኖር ሰው ለመንገድ የሚያወጣውን በኪራይ ቅናሽ ያካክሳል።

ከተማውን በመሃሉ ዙሪያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው ቀለበቶች እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው ዓምድ ከመሃሉ ያለው ርቀት ነው። ከ0 አትጀምሩ፤ ከ0.25 ኪሎ ሜትር ተነሥታችሁ በ0.5 ጨምሩ፣ የየቀለበቱ መካከለኛ ነጥብ ይህ ነውና። ከ0 ከተነሣችሁ የመጀመሪያው ቀለበት ስፋት ዜሮ ይሆንና መሃል ከተማው ባዶ ይቀራል። በ0.25 ግን 2 × 3.1416 × 0.25 × 0.5 = 0.785 ካሬ ኪሎ ሜትር ይወጣል፣ ልክ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ኪራይ ነው፦ የመሃል ኪራይ × (1 − የመንገድ ወጪ × ርቀት ÷ ገቢ)፣ ቅንፉ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። አራቱ የመጣው ቤተሰቡ ለቤት ከሚያውለው የገቢ ድርሻ ነው፤ 1 ÷ 0.25።

ለመለማመጃ የወር ገቢ 20,000 ብር፣ የመንገድ ወጪ በወር ለአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት 300 ብር፣ የመሃል ኪራይ በካሬ ሜትር 100 ብር፣ የዳር ኪራይ 30 ብር ብለን ያዝን። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ኪራዩ 52 ብር ይሆናል፤ ከተማው ኪራዩ 30 ብር በሚደርስበት 17.3 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። መሃል የሚኖር ቤተሰብ 50 ካሬ ሜትር ይይዛል፣ ዳር ያለው 123፤ በየቀለበቱ ለመኖሪያ የሚሆነው ቦታ በዚህ ሲካፈል የነዋሪው ቁጥር ይወጣል።

አሁን የመንገድ ወጪውን ወደ 200 ብር አውርዱት። የመሃል ኪራዩ 100 ላይ ከተቆለፈ ዳሩ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ይዘላል፤ የነዋሪው ቁጥርም 2.25 እጥፍ ይሆናል። ከየት መጡ? ሰው ያለ ገደብ የሚገባበትን ከተማ ካጠናችሁ መልሱ ትክክል ነው። የነዋሪው ቁጥር እንዳለ ሆኖ አዲስ ባቡር ምን ያመጣል ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን የሕዝቡን ድምር ቆልፋችሁ የመሃል ኪራዩን በጎል ሲክ (የሚፈለገው ውጤት ሲሰጠው የሚያመጣውን ቁጥር በሚፈልገው የኤክሴል መሣሪያ) ማስፈለግ አለባችሁ። ያኔ ርቆ መኖር ስለረከሰ ለመሃሉ ያለው ሽሚያ ቀንሶ ኪራዩ ወደ 70 ብር ይወርዳል፤ ዳሩ 19.2 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ጎል ሲክ መልስ ካጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ቀለበት ነው፦ ዳሩ ትንሽ ሲገፋ አንድ ሙሉ ቀለበት በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ድምሩ ይዘላል። ቀለበቱን ወደ 0.1 አጥብቡት፣ ወይም የመጨረሻውን በከፊል ቁጠሩት።

አዲስ አበባ ላይ ሲሞከር መጀመሪያ የሚነካው ለመኖሪያ የሚሆነው የቦታ ድርሻ ነው። በሰሜን እንጦጦ ስላለ ቀለበቱ ሙሉ አይሆንም፤ ስለዚህ ድርሻውን ለየአቅጣጫው ለየብቻ ስጡ። ኪራዩም አሳሳች ነው። የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደግሞ ገበያው አይተምነውም፣ ስለዚህ ከመረጃው ይውጣ። የሊዝ ጨረታ ዋጋ ይሻላል፤ ሆኖም ያሸናፊው ዋጋ በካሬ ሜትር በአንድ ቀን የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ቅድመ ክፍያው ተከፍሎ ቀሪው በየዓመቱ ስለሚከፋፈል እያንዳንዱን ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋ ሳትመልሱ ሁለት ቦታዎችን አታወዳድሩ።

ከኪራዩ ጎን የምንለካውን የኢንዱስትሪ መሰባሰብ፣ ማለትም የአንድ ሥራ ድርጅቶች በአንድ ቦታ መከማቸትን፣ በተመለከተ የአዲስ አበባውን ሽሮ ሜዳ ማየት ይበቃል፦ ሸማኔው፣ ጥለት ሠሪው፣ ሰፊውና ሻጩ ጎን ለጎን ናቸው። የተለመደው መለኪያ ሥራው በወረዳው ውስጥ ያለው ድርሻ በከተማው ውስጥ ላለው ድርሻ ሲካፈል የሚወጣው ነው። ከወረዳው 200 ሠራተኞች 60ው ሽመና ላይ ከሆኑና የከተማው ድርሻ 3 በመቶ ከሆነ ውጤቱ 10 ይመጣል። ነገር ግን 60ዎቹ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ከሆኑ መሰባሰብ የለም፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ብቻ ነው ያለው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ኤሊሰንና ግሌዘር በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መለኪያ ከድርጅቶቹ ትልቅነት ብቻ የመጣውን ክፍል ከውጤቱ ስለሚቀንስ ወደዚያ እየተሸጋገርን ነው፤ ለእሱ ግን የወረዳ ድምር አይበቃም፣ የየድርጅቱ የሠራተኛ ብዛት ያስፈልጋል።