ልቅሶ ቤት የሚሳቀው ሳቅ

ልቦለድ ስትጽፉ “ደስታና ሀዘን ተደባለቀባት” የምትል ዓረፍተ ነገር ከመጣችባችሁ እባካችሁ አጥፏት። ስሜቱን በስሙ ጠርታ ትገላገለዋለች፤ ለአንባቢው የሚያየው ነገር አይተርፈውም።

ድብልቅ ስሜት እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት ልቅሶ ቤት ማምሸት ነው። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ጎረምሶቹ ድንኳኑ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዱ የሟችን ጨዋታ አንስቶ ሁሉንም ያስቃል፣ ከዚያ ከገጠር የመጣ ዘመድ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ሲገባ ያ ሁሉ ሳቅ ባንዴ ለቅሶ ይሆናል። ሳቁም የምር ነው፣ እንባውም የምር ነው።

እስቲ አንዲት ሴት እዚህ ድንኳን ውስጥ እናስገባ። አሜሪካ ነው የምትኖረው፤ የደረሰችው አባቷ ከተቀበረ በኋላ ነው። ታዝናለች። እህቷን በማየቷ ደግሞ ደስ ብሏታል። ባለማስታመሟ ይጸጽታታል፤ አባቷ ከስቃዩ ስላረፈ ቀለል ይላታል፣ ቀለል ስላላትም ታፍራለች። እንዲህ መደርደሩ አይከብድም። ከባዱ ለእያንዳንዱ ስሜት የሚጨበጥ ነገር መፈለጉ ነው። እያለቀሰች እጇ የእህቷን ሽበት ይዳስስ። ሻንጣዋ ውስጥ ለአባቷ የገዛችው፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት ሹራብ ይኑር። እፎይታዋን ግን ማንም አይጥራው፤ ያን ሌሊት ድብን ያለ እንቅልፍ ይውሰዳትና ጠዋት ርቧት ትነሳ፣ በቃ።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስቀና አቅም አለው፣ ብዙዎቻችን ስንጽፍ ግን እንረሳዋለን። እናት ሴት ልጇን ስታቆላምጥ በወንድ አንቀጽ ትጠራት የለ? እናትየዋ በር ላይ አቅፋት “መጣህልኝ የኔ ጌታ!” ትበላት። ማታ ሰው ሲበተን ደግሞ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ “እስከ መጨረሻው በር በሩን ሲያይ ነበር። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ” ትበል። በአንዲት “አንቺ” ያ ሁሉ ቁልምጫ ተገፈፈ። “ተቀየመቻት” ብላችሁ ብትጨምሩበት ታበላሹታላችሁ።

እናትና ልጅ በሰልስቱ ተቃቅፈው፣ ይቅር ተባብለው የሚያልቅ ታሪክ ብዙ አንብቤያለሁ፤ አንዱም አላሳመነኝም። እናት እንደተቀየመች ልጇን “ብዪ እንጂ፣ ምነው ከሳሽ?” እያለች ማጉረስ ትችላለች። ቅያሜውም ጉርሻውም እዚያው ገጽ ላይ ይቆዩ።