ለማን አቤት ይባላል?

ሐምሌ 28፣ ማታ

መብራት የለም። የስልኬ ባትሪ ሳያልቅ ልጻፈው ብዬ ነው። ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፌ ተቀምጫለሁ። ድሬ በሐምሌም ቢሆን ቤት ውስጥ አታስተኛም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ነው የሚመልሰው።

ዛሬ ከአጎቴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። የከነከነኝ ክርክሩ አይደለም፣ ድምፄን ከፍ ማድረጌ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም፣ እኔም «አንተ» ነው የምለው። እሱ ፊት ግን ጮኼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። ሬዲዮው ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ያወራል። ጋዜጠኛው «ሰው ሠራሽ» ሲል አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠ። «ሰው ማነውና ነው ሰማይ የሚያሞቀው?» አለ። ጎረቤታችን «ቀደር ነው፤ አላህ ያመጣውን አላህ ይመልሰዋል» ብላ ደገፈችው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ የነዳጅ ነገር ሁልጊዜ ያበግነዋል። «አቦ ተይው፣ የፈረንጅ ወሬ ነው» አለኝ። «እነሱ ነዳጁን ጠጥተው ጠግበው፣ እኛ ልንጀምር ስንል ዓለም ተቃጠለ ይላሉ።»

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ይህን ነገር በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ። ተማሪ ይጽፈዋል፣ ለፈተና ያጠናዋል፣ ያልፋል። ቤቴ ውስጥ ሲጠየቅ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

በአለማያ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አለማያ ሐይቅን ማን አደረቀው?»

ሆን ብዬ ነው ይህን የመረጥኩት። አጎቴ ሐይቁን ይወደው ነበር። ልጅ ሆኜ ወደ ሐረር ስንሄድ፣ ሐይቁ ጋ ስንደርስ መስኮቱን አውርዶ «ተንፍሺ» ይለኝ ነበር። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነው። ጫቱም፣ ድንቹም፣ ሽንኩርቱም በፓምፕ ከሱ እየተሳበ አደገ። ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ወረደበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሐይቁ ሜዳ ሆነ፣ ከብት ጋጠበት። ሐረርም ውሃዋን ከድሬ በኩል ታስመጣ ጀመር። በቅርብ ዓመታት ውሃው መልሶ መታየቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከሚኒባስ ወርጄ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር።

«ሰው ነዋ» አለ አጎቴ፣ ሳያመነታ። «ያውም በፓምፕ።»

«ሰማዩንስ?»

«ሐይቅ ሌላ፣ ሰማይ ሌላ። ሐይቅ ዳርቻ አለው።»

መልሱ የዋዛ አይደለም። እንዲያውም ከሰማኋቸው የተቃውሞ ሐሳቦች ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሰማይ ማለቂያ የለውም። የኛ ጭስ የት ይደርሳል? ግን ሰማይም ዳርቻ አለው። ከአየሩ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ያለው ከባሕር ወለል እስከ 11 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ መንገዱን ትቶ ሽቅብ ቢነዳ፣ ሐረር በሚደርስበት ርቀት አየሩን ጨርሶት ይወጣል ማለት ይቻላል። እንዲህ ብዬ ስነግረው አጎቴ ፈገግ አለ። አላመነም፣ ግን ወደዳት።

ከዚያ ወደ ጭሱ ገባን። እዚህ ላይ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

አጎቴ ያረጀው ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው። የናፍጣ ሞተር ሐኪም ነበር። ሞተር ከመክፈቱ በፊት ጭሱን ያያል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየር አንሶታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ጭስ ሲያበዛ ጠራው። አጎቴ ጎንበስ አለ። መዳፉን ጭስ ማውጫው ፊት ዘርግቶ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መዳፉን አየው፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ አሸተተው። «ዘይት ነው። የፒስተኑ ፋሻ አልቋል» አለ። ሲከፈት እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው፣ ዓይኑም ደክሟል። መዳፉ ግን አልሳተም።

«ጋሼ፣ እነሱም ያደረጉት እንዳንተ ነው» አልኩት። «ጭሱን አሸተቱት።»

የምችለውን ያህል በቀላሉ አስረዳሁት። ካርቦን ሁሉ አንድ አይደለም። ካርቦን 14 የሚባል አለ፣ ከላይ ከባቢ አየር ውስጥ የሚፈጠር። ዛፍ ይስበዋል፣ በግ ይበላዋል፣ እኛ ውስጥ ይገባል። ያ ነገር ከሞተ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት መሬት ውስጥ የቆዩ ስለሆኑ ካርቦን 14 የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሀንስ ሱስ የተባለ ሳይንቲስት የዛፍ ግንድ ቀለበት መርምሮ፣ ካርቦን 14 የሌለው አሮጌ ካርቦን አየሩ ውስጥ እየተቀላቀለ መሆኑን አሳየ። ከየት መጣ? ከዛፍ ቃጠሎ ቢሆን ኖሮ አዲስ ካርቦን ነበር የሚሆነው። ይኸኛው ተቆፍሮ የወጣ ነው።

አጎቴ መዳፉን አየ። እውነቴን ነው፣ መዳፉን አየ።

«መጠኑስ?» አለኝ። የመካኒክ ጥያቄ ነው። ነገርኩት። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ገደማው ነበር ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የታሸገ የጥንት አየር ተመርምሮ፣ ባለፉት 800,000 ዓመታት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

የአክስቴ ልጅ ዝም አላለም። «ኤርታሌስ? እዚሁ አፋር የሚጨሰው ከማን ባጃጅ ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል። የዓለም እሳተ ገሞራ ሁሉ ተደምሮ በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚያወጣው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ቢበዛ። «ፀሐይስ?» አለ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ አየሩ ከላይም ከታችም ይሞቅ ነበር። የሚለካው ግን ሌላ ነው። ከታች ያለው አየር ሲሞቅ ከላይ ያለው እየቀዘቀዘ ነው። ጋቢ እንደደረበ ሰው ነው፤ ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ውጪው ይበርዳል።

እዚህ ድረስ ደህና ነበርን። አጎቴ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሁሉንም ሰማሁ። አሁንም የእግዜር ነው» አለ።

ያኔ ነው የጮኽኩት። «አውቀህ ነው ዓይንህን የምትጨፍነው!» አልኩት። ሰው ፊት። ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካከለች። አጎቴ ምንም አላለም። ተነስቶ ገባ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ተበተነ።

አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በጨለማው ፊቱ አይታየኝም። «ነገ ስንት ነው?» አለኝ። «29» አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ።

በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሞላ። ለማያውቅ ሰው፣ ደቻቱ ከተማዋን መሀል ለመሀል የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሄድበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ ተራራው ላይ ይወርድና ውሃው ተኝታ ያለች ከተማ ላይ ይደርሳል። ያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ አስር ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ድምፁን ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ በማታ፣ ከሩቅ።

የአጎቴ የጋራዥ ጓደኛ ከነቤተሰቡ ደቻቱ ዳር ይኖር ነበር። አጎቴ አሸዋውን በእጁ እየጫረ ሦስት ቀን ፈልጓል። ይህን እስከ ዛሬ ማታ አልነገረኝም ነበር። «ጫማውን አገኘሁት። አንዱን» አለኝ። ከዚያ ቆየ።

«እግዜር ነው ካልኩ አቤት እለዋለሁ። ብዬዋለሁም፣ ስንት ዓመት። አንቺ ሰው ነው ትይኛለሽ። ሰው ከሆነ ለማን አቤት እላለሁ? የትኛው ሰውዬ ጋ ልሂድ?»

መልስ አልነበረኝም። የአስተማሪ መልስ ልስጠው አልፈለግኩም። ያን ጎርፍ የዓለም ሙቀት ብቻ ነው ያመጣው ማለት ደግሞ ውሸት ይሆናል። ከላይ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ሰው ወንዙ ዳር ሰፍሮ፣ ቦታ አጥቶ ነበር የሚኖረው። ዝናቡም ከባድ ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። የያዘውን ደግሞ አንድ ቀን ይደፋዋል። ዓለም ከድሮው ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ስለዚህ የሚመጣው ጎርፍ የባሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ልንገረው? በዋዜማው?

ገባ። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

እስከ ዛሬ የማይቀበሉ ሰዎችን ሁሉ አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። አይደሉም። አጎቴ የሚከራከረው ለሐዘኑ ነው። አውቀው የካዱ ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኤክሶን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ሳይንቲስት ነዳጅ ማቃጠል ምድርን እያሞቀ መሆኑን ለኩባንያው አለቆች ነግሯቸዋል። ራሳቸው ባስጠኑት ጥናት ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ገና አልተረጋገጠም» የሚለውን ወሬ በገንዘብ ደገፉ። ሬዲዮ ላይ «ሳይንቲስቶች ይከራከራሉ» ሲባል የምንሰማው የዚያ ገንዘብ ማሚቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሊቃውንት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ሰው ምድርን ማሞቁ አያጠራጥርም ብሎ ጨርሶታል። አጎቴን ከነዚያ ሰዎች ጋር አንድ ላይ መቁጠሬ አሳፈረኝ።

የአክስቴ ልጅም ግማሹን ልክ ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከዓለም ጭስ ከመቶ አራት እጅ አይሞላም የኛ ድርሻ። ቂሙ እውነት ነው። ግን ቂሙን ይዞ ወዴት ነው የሚሄደው? «ሰው አላመጣውም» ካለ፣ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ለፀሐይ ካሳ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክሎ ሲደራደር በእጁ የነበረው ነገር ይኸው ነበር፤ እናንተ አቃጠላችሁ፣ እኛ እየተቃጠልን ነው። ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን ያሉት ያኔ ነው። እንዳሉት በጊዜው አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው ጉባኤ ላይ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ። ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ ያናድዳል። ግን ሰው ነው ስለተባለ ነው እሱም የመጣ። አቤት የሚባልበት በር የተከፈተው በዚያ ነው።

አጎቴ «የትኛው ሰውዬ ጋ ልሂድ» ያለኝ ያ ነው። በሩ አለ። እዚህ ግን አይደለም፣ እሱ የሚሄድበት ቦታም አይደለም። የጓደኛውን አንድ ጫማ ይዞ የሚቆምበት ችሎት የለም። ይህን ሳስብ ደረቴን ተጫነኝ።

ባትሪው 6 በመቶ ነው።

ሐምሌ 29፣ ጠዋት

ይቅርታ ልጠይቀው ማልጄ ተነሳሁ። አልጋው ባዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ብዬ ጠበቅሁ። ስላልመጣ ወጣሁ።

ደቻቱ ድልድዩ ጋ አገኘሁት። ከጎርፉ ወዲህ ዳርና ዳሩ ግንብ ተሠርቷል፤ እሱ ግን ወርዶ አሸዋው ላይ ነው። ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ሸራ እየዘረጉ ነበር። በኦሮምኛ ያናግራቸዋል፣ በእጁ ወደ ደንገጎ ተራራ እያሳየ። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ተራራው ላይ ግን ጥቁር ደመና ተጭኗል። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ሸራዋን ማጠፍ ጀመረች።

ሲያየኝ «ነይ፣ ያዢ» አለኝ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ነው። በአንድ ጫፍ እሱ፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን ደረጃውን ወጣን። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆሞ ተነፈሰ።

«ያ የዛፍ ግንድ ያየው ሰውዬ» አለኝ። «ስሙ ማን ነበር ያልሽኝ?»