የጓሮዬ ቲማቲም

ዛሬ ከጓሮዬ የመጀመሪያውን ቲማቲም ቀጠፍኩ። የቅጠሉ ሽታ እስካሁን እጄ ላይ አለ፤ ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። ደስ ብሎኛል፣ በጣም!

መትከል ለምታስቡ፦ ቲማቲም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ሥሩን አጠጡት እንጂ ቅጠሉን አታርጥቡት፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ በሽታ ይይዘዋል። አፈሩን በደረቅ ሣር ሸፈን ብታደርጉት እርጥበቱን ያቆይላችኋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አፈሩ አንዴ ክው ብሎ ደርቆ አንዴ በውሃ ሲጥለቀለቅ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ታቹም ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የውሃው አለመመጣጠን ነው።

ጓሮ የለንም የምትሉ ደግሞ ሰላጣ ሞክሩ። በአሮጌ ባልዲም ይበቅላል፤ ብቻ ውሃው እንዲወርድ ታቹን ብሱት።