የባሕር ላሟ ግጦሽ

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከብት ስጠብቅ ነው። ሣሩ የት እንደተጋጠ፣ ከብቱ በየት እንዳለፈ አይቼ እለያለሁ። ይህ እውቀት አውስትራሊያ፣ ያውም ባሕር ውስጥ ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከሜልቦርን በረን ሰሜን ምሥራቅ ኩዊንስላንድ፣ ፕሮሰርፓይን ወረድን። መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ነዳንና ቦወን ገባን። በማንጎዋ ስም ያላት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። መግቢያዋ ላይ 10 ሜትር የሚሆን የማንጎ ሐውልት ተገትሯል።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ይዘውን ወጡ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከእግራችን ሥር የባሕር ሣር እንደ ጨፌ ተነጥፏል። "እዚህ ጋ ተመልከት" አሉኝ። ሣሩ መሃል ስንዝር የሚሰፋ መንገድ ይጠማዘዛል፤ አሸዋው ተገልጦ ይታያል። ወዲያው ገባኝ። ዱጎንግ፣ የባሕር ላም የሚሏት፣ እየጋጠች የሄደችበት ነው። ሣሩን ከነሥሩ ነቅላ ነው የምትበላው። በቀን እስከ 40 ኪሎ ትጨርሳለች። የምትወልደው አንድ ጥጃ ነው፤ እሱንም በሦስት፣ በአምስት፣ አንዳንዴ በሰባት ዓመት።

ቀና ስል ሩቅ፣ ባሕሩ ላይ፣ የድንጋይ ከሰል መርከቦች ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አቦት ፖይንት ወደብ ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚሁ በኩዊንስላንድ፣ ጋሊሊ ተፋሰስ በሚባለው የከሰል ምድር ለታሰቡት አዳዲስ ማውጫዎች ሲባል ወደቡ ይስፋ ተባለ። በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ከባሕሩ ወለል ተቆፍሮ እዚሁ፣ በግዙፉ የኮራል ሪፍ፣ በግሬት ባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ ውስጥ እንዲደፋ ተፈቀደ። ከ1981 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው እንግዲህ! ውሃው ከደፈረሰ ብርሃን አይገባም። ብርሃን ካልገባ ሣሩ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ላሟ ምን ትብላ?

ዓሣ አጥማጁም፣ አስጎብኚውም፣ ተመራማሪውም ጮኸ። ጩኸቱ ሰሚ አገኘ፤ በ2015 ፓርኩ ውስጥ እንዲህ ያለ ደለል መድፋት በሕግ ተከለከለ።

ከሰሉ ግን አልቆመም። ከጋሊሊ ማውጫዎች አንዱ የሆነው ካርማይክል የመጀመሪያ ምርቱን በዚሁ ወደብ የላከው በ2021 መጨረሻ ገደማ ነው። ከሰል ሲቃጠል አየሩ ይሞቃል፣ ባሕሩም አብሮ ይሞቃል። ሪፉን የሚሠራው ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ኮራል፣ ሙቀት ሲመታው ቀለሙን ጥሎ ይነጣል። በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 በሰፊው ነጥቷል። ሳያገግም እንደገና ይመታል።

"ልጄ ማዕድን ላይ ነው የሚሠራው" አሉ ሽማግሌው ስንመለስ። "እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። ሌላ አዲስ ጉድጓድ ይከፈት ሲሉኝ ግን እንቢ ነው የምለው።"

እኔም እንቢ እላለሁ። የሠፈሬ ጨፌ ታርሶ ሲያልቅ ከብቱ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባሕሩ መመለስ ጀመረ። የላሟን መንገድ ውሃ ቀስ እያለ ሸፈነው። "ማታ ትመጣለች" አሉኝ፣ ሱሪያቸውን ከፍ እያደረጉ።