«አይይዝዎትም» ያልኳቸው አባት

ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ኮሮና ክትባት ላይ ተመድቤ ነበር። የመጀመሪያው አስትራዜኒካ በየካቲት መጨረሻ 2013 አገር ገብቶ፣ ከጤና ባለሙያ ቀጥሎ ተራው የአረጋውያንና የስኳር፣ የግፊት ሕሙማን ሆነ። ፈርተው የሚመጡትን ለማደፋፈር «ብቻ ይከተቡ፣ ከዚያ በኋላ አይይዝዎትም» እል ነበር። እንዲህ በዪ ያለኝ የለም፤ ለአፌ የቀለለኝ እሱ ነው።

ሰኔ ላይ አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት ለሁለተኛው ዙር መጡ። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለውታል። ሳይቀመጡ፣ ሰልፈኛው እየሰማ፣ «ልጄ፣ አይይዝዎትም ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ይዞኝ አሥር ቀን ተኛሁ። ይሄኛውስ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ የምር እየጠየቁኝ ነው። የከበደኝም እሱ ነው።

ሰልፉ ታመሰ። አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ «የፈረንጆቹ ፋይዘር 95 በመቶ ይከላከላል፣ ለእኛ የመጣው 63!» አለ። አንዷ ደግሞ «ደም ያረጋል ተብሎ ዴንማርክ አቁማዋለች» አለች። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። እኔ ግን «ወሬ አትስሙ!» አልኳቸው። ወዲያው ሦስት ሰው ሰልፉን ጥሎ ወጣ። የከፈትኩት ቫያል (የክትባቱ ብልቃጥ) ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፦ ለ10 ሰው የሚበቃ፣ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የሚደፋ። ገና አራት ሰው ነው የተከተበበት።

ጫጫታውን ሰምታ አስተባባሪያችን ወጣች። አባት አጠገብ ተቀምጣ ስለ ሕመማቸው ጠየቀቻቸው። ኦክስጅን ሳያስፈልጋቸው ቤታቸው ነው ያገገሙት። «ክትባቱ ነው ያዳነዎት ብዬ አልምልም፤ በአንድ ሰው አይታወቅም» አለቻቸው። «ግን ጋሼ፣ ፋይዘር ሲሞከር ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ በየወገኑ 18 ሺህ ያህል። ክትባት የሌለበት መርፌ ከተወጉት 162 ታመሙ፣ ከተከተቡት 8። የታማሚው ቁጥር በ95 በመቶ አነሰ፤ 95 የተባለው ይሄ ነው። እንደ እርስዎ ተከትበው የታመሙ ያኔም ነበሩ።» ወደ ባለስልኩ ዞራ 63ቱ በሌላ አገር፣ በሌላ ሕዝብ ላይ የተለካ ስለሆነ ሁለቱን አስተያይቶ ማበላለጥ እንደማይቻል፣ ጽኑ ሕመምን በመከላከል ግን ሁለቱም ብርቱ እንደሆኑ ነገረችው። የደም መርጋቱንም አልሸሸገችም፤ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ ከክትባት በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የእግር እብጠት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር መምጣት እንዳለበት አስረዳች።

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉንም?» አለ ባለስልኩ።

«አይይዝዎትም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» አልኩ።

አባት «አብሽሪ» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ማታ ቫያሉ ውስጥ የሁለት ሰው ክትባት ተርፎ ደፋሁት። ሰልፉን ጥለው ከሄዱት አንዷ በሳምንቱ ተመለሰች። ሁለቱን ዳግም አላየኋቸውም።